የተራራ ብስክሌትን ማን ወለደው? ክርክር ከእንጦጦ ሥር

ጥያቄው፦ የተራራ ብስክሌት ስፖርት የተጀመረው በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? አንደኛው ተከራካሪ ሱሉልታ ላይ ወጣቶችን ያሠለጥናል፤ ሁለተኛው ሽሮ ሜዳ ብስክሌት ይጠግናል። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሠልጣኙ፦
ስፖርት የሚባለው ሰዓት ሲያዝበት ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1976 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፣ ማሪን ውስጥ፣ ጥቂት ጓደኛሞች ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ የአፈር መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ወረዱ፤ ተራ በተራ እየተለቀቁ፣ ሰዓት እየተያዘላቸው። ከዚያ በፊትም ዳገት በብስክሌት የወጣ እንዳለ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ግን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶቻችን ጭነት ለስንቱ ስፖርተኛ ይከብደዋል? ክብደት ማንሳት ብለን ግን አንጠራውም። ድካሙ አለ፤ ውድድሩ የለም።

ጠጋኙ፦
የእናቶቻችንን ድካም ማስታወስህ ደግ ነው፣ ልጄ። ያነሣኸው ውድድር ግን ስሙ ራሱ ይመልስልሃል፤ ሪፓክ ይባላል፣ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ፍሬናቸው የኋላ ጎማው መሐል ነበር፣ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ግሪሱ ጤሶ ያልቃል፤ ፈትተው አዲስ ካልሞሉበት ዳግም አይወርዱም። ይህን ሥራ እጄ ያውቀዋል። የተቃጠለ ግሪስ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ይደርቃል፤ ኩሽኔታውን ናፍጣ ውስጥ ሳትዘፈዝፍ አይለቅህም። ስሙን ያወጣለት ጥገናው ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም።

ደግሞስ በ1897 የአሜሪካ 25ኛ እግረኛ ሬጅመንት 20 ጥቁር ወታደሮች ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በ41 ቀን በብስክሌት ሄደዋል፣ ጭቃውንም ተራራውንም አልፈው። ውድድር ካልክም፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ዳርቻ 20 የሚሆኑ ወጣቶች ብስክሌታቸውን ለጫካ አስተካክለው ይወዳደሩ ነበር።

አሠልጣኙ፦
የፈረንሳዮቹ ከባድ ማስረጃ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ተበተኑ፤ የተካቸው የለም። ማሪን ላይ ብስክሌት ሠሪው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚያው ቁልቁለት ብሎ አዲስ ፍሬም ሠራ። በ1979 የማሪን ጋላቢዎቹ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የተራራ ብስክሌት ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚባለውን የተራራ ብስክሌት በብዛት አመረተ። ቀጥሎ የ1990 የዱራንጎ ዓለም ሻምፒዮና፣ የ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ። ልጆቼ ዛሬ የሚወዳደሩበት ሕግ በዚህ መስመር የመጣ ነው።

ጠጋኙ፦
ብሪዝም እኮ ፍሬሙን ሲሠራ የተከተለው ሽዊን የሚባለውን የአሮጌውን የአሜሪካ ብስክሌት ቅርፅ ነው። እነዚያ ወፍራም ጎማ ያላቸው ሽዊኖች የማሪን ልጆች ሳይወለዱ የተሠሩ ናቸው። እነሱ ያደረጉት ማርሹን ከአንዱ፣ ፍሬኑን ከሌላው ፈትቶ መግጠም ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከእንጦጦ ጭቃ ወርዶ መጣ፤ የፍሬኑ ጎማ እስከ ብረቱ ተበልቷል። ከአሮጌ ብስክሌት ፈትቼ ገጠምኩለት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ። ማሪን ላይ የሆነውም ይኸው ነው።