እናቴ አሜሪካ አልገባችም

እናቴ አሜሪካን በእግሯ ረግጣ አታውቅም። የአሜሪካ ቪዛም የላትም። ፓስፖርቷ ላይ ያለው የካናዳ የጎብኚ ቪዛ ብቻ ነው። የስልክ ካምፓኒያችን ግን ባለፈው ሰኔ «ሁለት ቀን አሜሪካ ነበሩ» ብሎ በእሷ የስልክ መስመር (ላይን) ብቻ 28 ዶላር ቆጠረብን። የእኔና የባለቤቴ ሲጨመርበት 84 ዶላር። ማናችንም ድንበር አልተሻገርንም። ወደ አሜሪካ የሚያሻግረውን ድልድይ በሩቁ ነው ያየነው።

ይህን ነገር በሆዴ ይዤው ሰነበትኩ። ትናንት ግን አንድ ወዳጄ ከሀገር ቤት የመጡ ወላጆቹን ይዞ ቅዳሜ ካናዳና አሜሪካ ድንበር ላይ ወዳለው ናያግራ ፏፏቴ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ስልኩ ጠየቅኩት። «ስልኩ ምን ይሆናል? ከካናዳ አንወጣ» አለኝ። እኔም ልክ እንደዚህ ነበር ያልኩት። ስለዚህ ልናገር።

ቶሮንቶ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ከሀገር ቤት እንግዳ መጥቶ ናያግራ ሳያይ አይመለስም። 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሰዓት ተኩል ይበቃል። እኔ ደግሞ እናቴን ስድስት ዓመት ነው የጠበቅኳት። የቪዛው ጣጣ ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ስለሆነ ዛሬ አላነሳውም። ብቻ መጣችልኝ። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት በእኔ አካውንት ላይ አንድ ላይን ጨምሬ ስልክ ሰጠኋት። ቅዳሜ በጠዋት ተነስተን ሄድን።

ከካናዳ በኩል የሚነሳው ጀልባ ላይ ቀይ የላስቲክ ካፖርት ያለብሳሉ። ከአሜሪካ በኩል የሚነሳው ሰማያዊ ነው። እናቴ ቀዩን ላስቲክ ነጠላዋ ላይ ደርባ፣ የጀልባውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ወደ ትልቁ ፏፏቴ ስንጠጋ ጭሱ ፊቷን ሲሸፍነው አማተበች። «ይሄማ ጢስ ዓባይ ነው!» አለች። ልጅ ሆና አባቷ ወስደዋት ያየችው ነው። ከዚያ ወዲያ አላየችውም። ቀና ብላ አየችኝና «በናትህ ለእህቴ አሳይልኝ» አለችኝ።

የእኔ ስልክ ባትሪው እያለቀ ነበር። በእሷ ስልክ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። አክስቴ እራት እያቀረበች ነበር መሰለኝ፣ ማማሰያውን እንደያዘች ነው ስልኩ ፊት የመጣችው። እህቷን በቀይ ላስቲክ ተጠቅልላ፣ ከኋላዋ ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድ ስታይ እልል አለች። እናቴም ከዚህ እልል አለች። አጠገባችን የቆሙት ፈረንጆች ዞረው አዩን። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እነዚያን አራት ደቂቃዎች በምንም አልለውጣቸውም።

ታዲያ ካምፓኒው የቆጠረው እነዚያኑ አራት ደቂቃዎች ነው። በዚያው ቅጽበት እናቴ ስልክ ላይ «እንኳን ወደ አሜሪካ በደህና መጡ» የሚል የእንግሊዝኛ ቴክስት ገብቷል። ያየሁት ማታ ሆቴል ገብተን ነው። እኔ ስልክ ላይም ገብቷል። ባለቤቴ ስልክ ላይም እንደዚያው። ስህተት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እንዴት እንደሚሆን በኋላ ነው የገባኝ። ስልካችሁ አቅሙ እስከቻለ የራሱን ካምፓኒ ኔትወርክ ይዞ ይቆያል። የራሱ ከጠፋበት ግን ያገኘውን ይይዛል፣ እናንተን አይጠይቅም። የናያግራ ወንዝ ደግሞ የሚሄደው ጥልቅ ገደል ውስጥ ነው። ጀልባው ላይ ስትሆኑ ገደሉ ሥር ናችሁ። ከላይ ከከተማው ያለው የካናዳ የኔትወርክ ታወር በቋጥኙ ይጋረድባችኋል። ከማዶ ያለው የአሜሪካ ታወር ግን ፊት ለፊት ያያችኋል። ስልኩ ወደዚያ ይዞራል። አንዴ ከዞረ ደግሞ ለመመለስ አይቸኩልም። ገደል መውረድም አያስፈልግም። ውሃው ላይ የስልክ ሞገድ የሚያግድ ነገር ስለሌለ ከማዶ ያለው ኔትወርክ ሜዳውን እንዳገኘ ፈረስ ነው የሚጋልበው። ወንዙን ተከትላችሁ ናያግራ ኦን ዘ ሌክ ወደምትባለው ከተማ ብትወርዱ ያው ነው። ፎርት ኢሪ ከአሜሪካዋ በፋሎ ፊት ለፊት ናት፣ ዊንዘር ከዲትሮይት ፊት ለፊት ናት፣ እዚያም ያው ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ሆቴላችን መስኮቱ ወንዙን ያያል። እናቴ የፏፏቴውን መብራት እያየች እንድትተኛ ብዬ ጨምሬ ከፍዬበታለሁ። ሦስቱን ስልኮች መስኮቱ ሥር ቻርጅ ላይ ሰካን፣ ተኛን። የሆቴሉ ዋይፋይ አልሠራ ብሎን ትተነዋል። እኛ ተኝተን ስልኮቹ ግን አይተኙም። የቀኑን ፎቶ ይልካሉ፣ ኢሜይል ይፈልጋሉ፣ አፕ ያድሳሉ። ይህ ሁሉ በአሜሪካ ታወር። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አዲስ ቀን ተባለና አዲስ ሂሳብ ተቆጠረ። እዚህ ሀገር የሮሚንግ ሂሳብ፣ ማለትም ስልክ በሌላ ሀገር ኔትወርክ ሲሠራ የሚመጣው፣ የሚቆረጠው በቀን ነው። አንድ ፎቶም ላካችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፊልም አያችሁ፣ ያው የቀን ሂሳብ ነው። የእኛ 14 ዶላር ነው። ሦስት ስልክ፣ ሁለት ቀን። በቃ፣ 84።

ቢሉ ሲመጣ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጥኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፣ እሷን አልወቅስም። «ሲስተሙ የሚያሳየኝ አሜሪካ እንደነበራችሁ ነው» አለችኝ። እናቴ የአሜሪካ ቪዛ እንደሌላት ነገርኳት። ድንበሩን ብትረግጥ እዚያው ይመልሷት ነበር አልኳት። የሆቴሉን ደረሰኝ ልላክ አልኩ። የጀልባውን ቲኬት ልላክ አልኩ። «ይገባኛል፣ ግን ሲስተሙ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ለመልካም ግንኙነታችን ሲባል የአንድ ስልክ የአንድ ቀን ሂሳብ ልመልስልህ አለችኝ። 14 ዶላር።

እኔ ችሮታ አልጠየቅኩም። ያልሄድኩበትን መንገድ አታስከፍሉኝ ነው ያልኩት።

ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ በሦስተኛው አለቃ አቅርቡልኝ ብዬ 56ቱን መለሱልኝ። የእናቴን 28 ግን አንመልስም አሉ። ለምን? በእሷ ስልክ ላይ «የታወቀ አጠቃቀም» አለ። ያቺ የቪዲዮ ጥሪ ናት እንግዲህ።

ሕግ የለም እንዳትሉ፣ አለ። በካናዳ የሞባይል ደንብ በፈረንጆቹ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ኔትወርካችሁ የሌላ ሀገር ሲሆን እንዲነግሯችሁ ያስገድዳል። እናንተ ካልፈቀዳችሁ በስተቀር የዳታ ሮሚንግ በአንድ የቢል ወር ከ100 ዶላር እንዳያልፍም ያግዳል። ከዚያ በፊት ሰው በሺህ የሚቆጠር ቢል ይመጣበት ስለነበር ትልቅ ነገር ነው። ግን እኛን ተመልከቱን። 84 ነው የተቆረጠብን። ከ100 በታች። ደንቡ ጎርፉን ያግዳል፣ የሚንጠባጠበውን አያይም። ስንት ቤተሰብ ነው በየሳምንቱ መጨረሻ እዚያ ወንዝ ዳር የሚቆመው? ስንቱስ ነው 28 ዶላር ብሎ፣ ለዚህ ብዬ አርባ ደቂቃ አልጠብቅም ብሎ የሚተወው? ካምፓኒዎቹን «የምትኖሩት በሰው የመተው ልማድ ላይ ነው» ብላቸው ደስ ባለኝ።

ጀርመን ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው ሊገባው አልቻለም። ከሙኒክ ወጥቶ ኦስትሪያ ሲገባ ስልኩ እዚያው እንደ ቤቱ ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአባል ሀገራቱ መካከል የሮሚንግ ጭማሪ አንስቷል፣ ደንቡንም እስከ 2032 አራዝሞታል። ሃያ ሰባት ሀገር፣ ያን ሁሉ ቋንቋ ይዞ፣ ተስማምቷል። እዚህ ሁለት ሀገር ናቸው። የካናዳው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 ሦስቱን ትልልቅ ካምፓኒዎች የሮሚንግ ዋጋ ለማውረድ ምን እያደረጋችሁ ነው ብሎ ጠይቋቸዋል። ጥሩ። ግን እኔ ስለ ዋጋው መውረድ አይደለም የማወራው። ያልተሻገረ ሰው ጨርሶ መቆጠር የለበትም። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ የትኛው መንገድ ዳር እንደቆምኩ ያውቃል። ካምፓኒው ቢፈልግ ከድንበር በዚህ ወገን ያለን ስልክ መለየት አያቅተውም።

ሌላም አለ። በፋሎ የሚኖር የድሮ የሰፈር ልጅ አለኝ። ያን ቀን ማዶ ሆኖ እንዲያየን ደወልኩለት። ኢትዮጵያ ውጭ ሀገር ስትደውል ታውቀዋለህ፣ ከፊት ሁለት ዜሮ አለ ወይ የመደመር ምልክት አለ። እዚህ ግን ካናዳም አሜሪካም የሀገር ኮዱ አንድ ዓይነት ነው፣ 1። የአካባቢ ኮዱ ብቻ ነው የሚለየው፣ የናያግራው 905፣ የበፋሎው 716። በዓይን ብታየው ሁለቱም የሰፈር ቁጥር ይመስላል። የእኔ ፓኬጅ ካናዳ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እሱም በደቂቃ ተቆጠረ። ጃማይካም እኮ በ1 ነው የሚጀምረው፣ ልብ በሉ።

ሞያሌ ያደገ አንድ ጓደኛዬ «እኛ ይሄን በልጅነታችን ነው የተማርነው» ብሎኛል። እዚያ አንዱ ከተማ ሁለት ሀገር ነው። መንገዱን ተሻግሮ ያለ ዘመድ ጋ መደወል የውጭ ሀገር ጥሪ ነው። ሰዉ ሁለት ሲም ይዞ ነው የሚዞረው፣ አንዱ 251 አንዱ 254።

አሁን ቅዳሜ ለምትሄዱ። ይህን ያሳየኝ ዊንዘር የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ኑሮው ድንበር ላይ ስለሆነ ያውቀዋል። ከቤት ሳትወጡ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳታ ሮሚንግን አጥፉ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፣ ግን አይበቃም። ዳታው ቢጠፋም ስልኩ ማዶ ታወር ላይ ከተንጠለጠለ የምታነሱት ጥሪ ይቆጠራል። ስለዚህ የኔትወርክ ምርጫውን ከኦቶማቲክ አውጡትና የራሳችሁን ካምፓኒ ስም መርጣችሁ ቆልፉት። ኔትወርክ ጠፍቶ ባዶ ቢያሳያችሁ ያሳያችሁ፣ ቢያንስ ማዶ አይሄድም። ስትመለሱ ወደ ኦቶማቲክ መመለስ እንዳትረሱ። ማታ ሆቴል ከሆናችሁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ዋይፋዩን ብቻ ክፈቱ። ለእናት ለአባት የሰጣችሁት ላይን ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ካምፓኒው ጋ ደውላችሁ ሮሚንጉን ጨርሶ አዘጉት፣ እነሱ ሴቲንግ ውስጥ ሊገቡ አይችሉም። ቴክስቱ ከገባ ወዲያው ፎቶ አንሱት፣ የቆማችሁበትን ቦታ ካርታም ጨምራችሁ። እኔ ያንን ብይዝ ኖሮ ክርክሬ አጭር ይሆን ነበር።

ካምፓኒው እምቢ ካለ ለቴሌኮምና ቴሌቪዥን ቅሬታ የሚቀበል ነፃ ተቋም አለ። ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ለካምፓኒው ማመልከት ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ። እኔ ፎርሙን ባለፈው ሳምንት ሞልቼ ልኬያለሁ። ለ28 ዶላር ነው ወይ የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ ለ28 ዶላር ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ጥሪ ላይ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ትሰማለች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ ግን ስሟን ስጠራ ሰምታለች፣ ሃያ ስምንት የሚለውንም ሳትገምት አልቀረችም። ስልኩን ስዘጋ «በእኔ ስልክ ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። በማግስቱ የሰጠኋትን ስልክ አጥፍታ፣ በመሀረብ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው አገኘሁት። እስክትሄድ ድረስ አልከፈተችውም። እህቷን እንኳን የምታወራው በእኔ ስልክ ነበር፣ እሱም እኔ ከጠየቅኳት ብቻ።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በዋይፋይ እደውልላታለሁ፣ ምንም አይቆጥርም፣ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «በል እንግዲህ በቃ ልጄ፣ እንዳይቆጥርብህ» ብላ ትዘጋዋለች።