ሰላም ሳይሉ ቻው

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይህን ያሉት አባቶች ስልክ አልነበራቸውም፤ አይፈረድባቸውም። የዘመኑን የሥነ ጥበብ ተማሪ ቢያዩት ኖሮ ተረታቸውን በገዛ እጃቸው ይሰርዙት ነበር። ረግጦት በማያውቀው ሙዚየም ደጃፍ በናፍቆት ሲንሰፈሰፍ እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ዛሬ የተነሳሁት ላሞግሰው ነው።

ቦታው ፍሎረንስ ነው፤ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ለመማር ወጣቱ ከየአገሩ የሚጎርፍባት የጣሊያን ከተማ። (ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው።) ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስንብቱ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ ይህን ቅልጥፍና ቢያገኝ ኖሮ የከተማዋን ካቴድራል ጉልላት ለመሥራት ከ1420 እስከ 1436 ባልተንገላታ።

የአንድ ጓደኛዬን ስንብት በቅርብ ለማየት ታድያለሁ። ታድያለሁ ስል ፎቶ አንሺው እኔ ነበርኩ ማለቴ ነው። ጠዋት ዝርዝር ይዞ መጣ። ከላይ «የምወዳቸው ቦታዎች» ይላል። ዘጠኝ ናቸው። ከየት እንዳመጣቸው ስጠይቀው ከሌላ ሰው ስንብት ላይ መሆኑን አልደበቀኝም። ትሕትና ማለት ይሄ ነው! የራስን ትዝታ ብቻ ይዞ መሄድማ ስስት ነው።

ከጨርቅ ቦርሳው ሦስት ብሩሾች ብቅ ብለው ይታያሉ። አዲስ ናቸው፤ ዋጋቸው እንኳ አልተላጠም። የሚሠራባቸውን ቀለም ደርቆባቸው ስለተንጨባረሩ ለፎቶ አይሆኑም ብሎ ትቷቸዋል። ስንት ሌሊት ያደረበት፣ ተርፔንታይን የሚሸተው የሥዕል ክፍልም ከዝርዝሩ የለም። ለምን ስለው «እዛ ምን ይታያል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መብራቱ ፊትን ያጠቁራል።

መጀመሪያ ዳዊትን ተሰናበትን። ሚኬላንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 የጠረበው፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚያልፈው የእብነ በረድ ዳዊት። የጓደኛዬ ትምህርት ቤት ዳዊት ካለበት ሙዚየም ጎን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ መግቢያው ለማንም ነፃ ነው። በሦስት ዓመት 36 እሁድ። ጓደኛዬ ግን እሁድ ይተኛል። «ሰልፉስ?» ይላል።

ስለዚህ የተሰናበትነው ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ አደባባይ ካለው ዳዊት ጋር ነው። ሰልፍ የለም፣ ብርሃኑም ሸጋ ነው። እግሩ ሥር ቆመ። ትከሻውን ጣል፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። «አሁን!» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። አሥራ አራት ጊዜ አነሳሁት። አሥራ አንደኛው ላይ እንባ መጣ፤ የምር እንባ። ዳዊቱ ነው የምር ያልሆነው። ዋናው በ1873 ከአደባባዩ ተነስቶ ወደ ሙዚየም ገብቷል፤ እዚህ ያለው በ1910 የቆመ ቅጂ ነው። ኮፒ ፊት ኦሪጅናል እንባ! እንዲህ ያለ ቸር ልብ የት ይገኛል?

ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል በ1817 ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይል ጀመር። እወድቃለሁ እያለ እየፈራ ተራመደ። ኋላ ሐኪም በስሙ ሕመም ሰየመችለት። ጥፋቱ መግባቱ ነው። የኛ ሰው ልብ የሚመታው ባትሪው 5 በመቶ ሲል ብቻ ነው፤ ለጤና ይሄ ይሻላል።

ቀጥሎ መርካቶ ኑኦቮ ገበያ ሄደን ፖርቼሊኖን ተሰናበትን። የነሐስ የዱር አሳማ ነው። አፍንጫውን ያሸ ሰው ወደ ፍሎረንስ ይመለሳል ስለሚባል፣ ከመታሸት ብዛት አፍንጫው እንደ ወርቅ ያበራል። ጓደኛዬ በአንድ እጁ «ለዘላለም ደህና ሁኚ» ብሎ እየጻፈ በሌላኛው አፍንጫውን ያሻል። ብልህ ሰው እንዲህ ነው፤ ሁለቱንም በር ክፍት ይተዋል። አሳማውም ቅጂ መሆኑን አልነገርኩትም። ዋናው፣ የፒዬትሮ ታካ ሥራ፣ ባርዲኒ ሙዚየም ነው። እሱም ኡፊዚ ሙዚየም ካለው የእብነ በረድ አሳማ የተቀዳ ነው። የእብነ በረዱም ከግሪኮች የተቀዳ ነው። ታዲያ የጓደኛዬ ስንብት ከሰው ቢቀዳ ምን ነውር አለው?

አፍንጫ ከተነሳ አይቀር፣ ሚኬላንጄሎ በወጣትነቱ ብራንካቺ ጸሎት ቤት ውስጥ የቀደምቱን ሠዓሊ የማሳቾን ሥዕሎች እያየ ይለማመድ ነበር። አብሮት የሚማረው ቶሪጃኖ በቡጢ አፍንጫውን ሰበረው። ዕድሜ ልኩን ጠማማ አፍንጫ ይዞ ዞረ። የድሮ ሰው ማስታወሻ አያያዝ ኋላ ቀር ነበር። ያምማል፤ ፊልተርም የለውም።

ማምሻውን ሳንታ ትሪኒታ ድልድይ ላይ ቆመን አሮጌውን ድልድይ ፖንቴ ቬኪዮን ተሰናበትን። ይኼኛው ጀርባ ሰጥተው የሚነሱት ነው። የቆምንበት ድልድይ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ፖንቴ ቬኪዮን ትተው ይህን አፈነዱት። የከተማው ሰው ድንጋዩን ከወንዙ እየለቀመ በ1958 መልሶ አቆመው። ጥጉ ላይ የቆመችው የጸደይ ሐውልት ጭንቅላቷ የተገኘው በ1961 ነው፤ እዚያው አርኖ ወንዝ ውስጥ። ይህን ልነግረው ስጀምር «በናትህ ዝም በልና አንሳኝ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው» አለኝ።

ማታ ለቀቀው። «ሁለተኛ ቤቴ፣ ልቤን ትቼልሽ ሄድኩ» ይላል። ላይኩ ጎረፈ። እኔም ልብ አደረግሁለት፤ ምን ላድርግ፣ ፎቶዎቹ የኔ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ሊበር ነበር። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ማኅተም ጎደለ። ሦስት ሳምንት ጠብቅ ተባለ። ቤቱን ለቋልና እኔ ሶፋ ላይ ወደቀ። ለዓለም ሁሉ ሄድኩ ብሏል። አገር ቤት «እንኳን ደህና ገባህ» እየተባለለት ነው፤ እሱም «አሜን» እያለ ይመልሳል። ዳቦ ለመግዛት ሲወጣ እንኳ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ይደፋል።

አንድ እሁድ ዝናቡ ሲወርድ በጠዋት ወጣ። የወሩ መጀመሪያ ነበር። ሲመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ በስብሷል። ሰልፉን ቆሞ ዳዊት ጋ ገብቷል። ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቀኝ እጁ ላይ ያለው ደም ሥር...» አለና የራሱን እጅ አገላብጦ ያይ ጀመር። ብዙ ቆየ።

«ፎቶ አነሳህ?» አልኩት።

«እንዴት አነሳለሁ?» አለኝ ተቆጥቶ። «ሄጃለሁ እኮ!»