አገጭ ወረድ፣ ሙሽራው!

የአዲስ አበባ ሰርግ ላይ በጣም የሚፈራው ሰው አማት አይደለችም። የንስሐ አባትም አይደሉም። ሁለት ካሜራ ያነገተው ልጅ ነው። ሽማግሌ ሲቆጡ ሙሽራው «ይቅርታ አባባ» ብሎ ያልፋል። ፎቶ አንሺው «ቁም!» ሲል ግን ሚዜው፣ አጃቢው፣ መኪናው፣ ሆታው ሳይቀር ቀጥ ይላል።

ነገሩ ጠዋት ሙሽሪት ቤት በር ላይ ይጀምራል። «አናስገባም ሰርገኛ» ተብሎ የታገደ ሙሽራ በስንት ግፊያ ከገባ በኋላ «ፎከስ አልያዘልኝም፣ አንዴ ውጡና እንደገና ግቡ» ይባላል። ይወጣል። ከልካዮቹም በሁለተኛው ዙር ይበረታሉ።

ልጁ እንዲህ የሚጨክነው በክፋት አይደለም። ከጀንበር ጋር ተጣልቶ ነው። ሰርጋችን ወይ በጥር ነው ወይ ከፋሲካ በኋላ። በጥር ጀንበር ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ትንሽ ትራራለች። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ያኔ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወርዳል። ስንት ብር ከፍላ የተኳኳለች ሙሽራ በነጻ ጺም ታበቅላለች።

ጥሩው ብርሃን ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ጀንበር ዝቅ ትላለች፣ ጥላው ይለሰልሳል፣ ፊት ሁሉ ወርቅ ይቀባል። ግን ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን መጥለቅ ከጀመረች አትንቀራፈፍም። በሰርጉ ቀን ቀጠሮ የምታከብር እሷ ብቻ ናት። 4 ሰዓት ትወጣለች የተባለች ሙሽራ ከሜካፕ የምትነሳው 6 ሰዓት ነው። መናፈሻ 7 ሰዓት ተኩል። አዳራሽ 10 ሰዓት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያ ወርቃማ ብርሃን ሲመጣ ሙሽሮቹ ውስጥ ናቸው፣ ኬክ ይቆርሳሉ። ብርሃኑ ውጭ መኪና በሚጠብቀው ዘበኛ ላይ ያርፋል። በዚያች ሰዓት ከከተማው ሙሽሮች ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። የሚያነሳው ግን የለም።

ስለዚህ በጠራራው ፀሐይ ጥላ ፍለጋ ይኬዳል። ድሮ ጊዮን ሆቴል ግቢ ነበር፤ አሁን ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክም አሉ። በጥር ቅዳሜ አንድ ዛፍ ስር የሚሰለፈው ቬሎ ብዛት ጉድ ነው። ዛፉ ለሁሉም ሚዜ ሆኗል። ጎበዙ ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን መሀል ጥላው ውስጥ አይከታቸውም፤ ጠርዙ ላይ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሮ ያቆማቸዋል። ከፊት ለፊታቸው ደግሞ ብርሃን ወደ ፊታቸው የሚመልስ ነጭ ሪፍሌክተር ይዘረጋል። እኔ በበኩሌ ለሱ ገንዘብ ማውጣት አይገባኝም። ነጠላ የለበሱ አክስቶች ከካሜራው ጎን በመደዳ ቢቆሙ ያው ነጭ ብርሃን ይመለሳል። እልልታውም ምራቂ ነው።

ከዚያ አቋቋም ይመጣል።

«ሙሽራው፣ ክብደትህን የኋላ እግርህ ላይ ጣል። እጅህን ኪስህ ክተት። አይ፣ ሙሉውን አይደለም፣ አውራ ጣትህ ውጭ ይቅር። ትከሻ ልቀቅ። አገጭ ወደ ፊት። አሁን ወረድ። በቃ፣ ዘና በል!»

ይህን ሁሉ ትእዛዝ ተሸክሞ ዘና ያለ የአዳም ዘር አላየሁም። ምክሩ ልክ ነው፤ አገጭ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ታች ሲል ድርብ አገጭ ይጠፋል። ግን ሙሽራችን ሲያደርገው ሊዋጋ የመጣ በሬ ይመስላል። ሙሽሪትም አበባውን እምብርቷ ጋ እንድትይዝ፣ ክንዷን ከጎኗ ራቅ እንድታደርግ ታዛለች። እስከዚያ የጫማዋ ተረከዝ ሳሩ ውስጥ ሰምጧል። አንዱ ሚዜ ዓይነ ርግቧን ወደ ላይ ወርውሮ ከፎቶው ለማምለጥ ይሮጣል። ነፋስ ሲጠፋ ነፋሱ እሱ ነው።

«አሁን ደግሞ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩት። እያወራችሁ ተራመዱ።»

«ምን እናውራ?»

«የፈለጋችሁትን። ብቻ ሳቁ።»

ሙሽራው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ይላል። «ክትፎው ደርሶ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ! ወንድምህ አይደል የሄደው?»

«እሱማ ስልክ አያነሳም።»

ጥርሳቸውን ብልጭ ያደርጋሉ። ቀጭ! ከወር በኋላ ይህ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ሳሎን ይሰቀላል። የመጣ እንግዳ ሁሉ «አቤት ሲዋደዱ!» ይላል።

በወላጆቻችን ጊዜ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው። ለዘመድ ሁሉ እንዲበቃ በቁጠባ ይነሳል። «እንዳትንቀሳቀሱ» ይባላል፣ በቃ። ሳቁ ብሎ የሚያዝ አልነበረም።

አዳራሽ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ዲጄው መብራቱን ስለሚያገላብጠው የሙሽሪት ፊት ግማሹ ሐምራዊ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ፎቶ አንሺው ብርሃኑ እንዲለሰልስ ፍላሹን ወደ ጣሪያ ያዞራል። ጣሪያው በዲኮር ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ ደግሞ ሮዝ ነው። አሁን ሁሉም ሰው ሮዝ ሆነ።

ምግብ ሳይቀርብ «የሙሽራው ቤተሰብ ወደ መድረክ!» ይባላል። ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ እናቶች መሀል፣ ልጆች ከፊት። ሁሉም እንደታዘዘው ጥርሱን አወጣ። የሙሽራው አጎት ብቻ ኮስተር ብለው ቆመዋል። በካርዱ መሠረት 6 ሰዓት ላይ የደረሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ።»

«ለምን?»

«ለፎቶው እንዲያምር።»

«ክትፎው ይምጣና እስቃለሁ።»

መድረኩ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራው አገጩን ረሳ፣ ሙሽሪት አበባውን ጣለች፣ እናቶቹ ተደጋገፉ። በዚያን ቀን ሳይታዘዝ የተሳቀው ሳቅ ይሄ ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺው ባትሪ እየቀየረ ነበር።