እርማት፦ ሞተር ጠፋ ማለት ነዳጅ አለቀ ማለት አይደለም

«ትንሽ አውሮፕላን አየር ላይ ሞተሯ ከጠፋ ወይ ነዳጇ ሙጥጥ ብሏል ወይ ሞተሩ ተበላሽቷል» ላልከው ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ላርምህ። ነዳጅ እያለም ሞተር ይጠፋል። ፓይፐር ቼሮኪ የሚባለውን ትንሽ አውሮፕላን ውሰድ። በግራና በቀኝ ክንፉ ለየብቻ የነዳጅ ታንክ አለው፤ ሞተሩ ከየትኛው ታንክ እንደሚቀዳ መምረጫው ግን ግራ፣ ቀኝ ወይም ዝግ ነው እንጂ «ሁለቱንም» የሚል ቦታ የለውም። አብራሪው በወሬም ይሁን በሬዲዮ ተጠምዶ መቀየሩን ከረሳ አንዱ ታንክ ይደርቃል፣ ሌላው ግማሽ ድረስ ሞልቶ ሞተሩ ጸጥ ይላል። ያኔ ደግሞ ዝቅ ብሎ እየበረረ ከሆነ ጊዜ የለውም።

ብልሽቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 የደረሱትን ከነዳጅ አያያዝ ጋር የተያያዙ አደጋዎች አይቶ፣ የነዳጅ ሥርዓቱ ብልሽት ድርሻ የነበረው ከ5 በመቶ ባነሱት ብቻ ነው ብሏል። የቀረው የሰው ነገር ነው።

ዘፋኙን ጆን ዴንቨርን ታውቀው ይሆናል። በጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲወድቅ ይበር የነበረው ሎንግ ኢዜድ የሚባል ቤት ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን ነበር። የነዳጅ መቀየሪያው የት ነበር መሰለህ? ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ! መርማሪዎቹ እንዳሉት እሱን ሊያዞር ሲታገል ሳያውቀው የቀኙን የመሪ ፔዳል ረገጠ፣ አውሮፕላኑም ከቁጥጥሩ ወጣ። ከመነሳቱ በፊት ነዳጅ አለመጨመሩንም ጽፈውበታል።