ጉዱ ናሆም

ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዝናብ እየወረደ፣ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ። ከፊቴ ያለው ወረፋ በሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ሰኔ ላይ «ክረምቱን አንብባችሁ ጽፋችሁ ኑ» የተባለውን መጽሐፍ በአንድ ከሰዓት ሊያነቡት። «ሊያነቡት» ያልኩት ለይሉኝታ ነው።

ሰው በዚህ ሲበሳጭ ይገርመኛል። እኔ እኮራለሁ! ጣና ዳር ተወልዶ አለመገልበጥስ እንዴት ይሆናል? የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት ከየት መጡ? ከቁም ጸሐፊ እጅ። የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ከጥላሸት ቀለም ተበጥብጦ፣ መቃ ተቀርጾ፣ ስንት ወር ተጎንብሶ። የእኛ ልጆች ያን ሁሉ ድካም በአንድ ፍላሽ ገላገሉን። ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ የጥንቱ ገልባጭ እያንዳንዷን ፊደል ያያት ነበር።

የዘንድሮው መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው፣ የዚሁ የጎጃማችን ታሪክ። ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ማጠቃለያ አለ፤ ለሁሉም የምትበቃ። ባለሱቁ ስም ይጠይቃል፣ ይቀይራል፣ ያትማል። ችግሩ፣ ማጠቃለያዋን መጀመሪያ ያሠራው ልጅ ካሳ የሚባል ኖሯል። ባለሱቁ «ሪፕሌስ ኦል» ሲል ጉዱ ካሳም አብሮ ሄደ። «ጉዱ ናሆም የፊታውራሪ መሸሻን ሥርዓት ይቃወም ነበር» የሚል ወጣ። ናሆም ሳያየው ተቀበለ። ቀጥሎ ጉዱ ሜላት ወጣች። ከዚያ ጉዱ ኪያ። ቆሜ ስቆጥር ጎጃም በአንድ ከሰዓት ዘጠኝ ጉዶች አፈራች። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተጋብተው በደስታ ይኖራሉ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ መቃብር ተጽፎ! ዘጠኝ ጊዜ ተዳሩ፤ ዘጠኝ ጊዜ ፊታውራሪ ደገሱ፤ ጉዱ ሜላትም ሚዜ ሳትሆን አልቀረችም።

እናቶችም አሉ። «እትዬ፣ ባይንድ ይደረግ?» «አዎ፣ ፕላስቲክ ያለው ይሁን፤ የጎረቤታችን ልጅ እንደዚያ ነው የሰጠችው።» መምህሩማ ከሁሉም ይበልጣል። ጥራዙን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ ዘጠኝ ከአሥር ይሰጣል። ጥራዝ ነጠቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ጥራዙን የሚነጥቀው እሱ ነው።

አምና ግን የሠፈራችን አንዲት ልጅ የታዘዘችውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። መብራት ሲጠፋ በእናቷ ስልክ ባትሪ። አሥራ አንድ ገጽ በእጇ ጻፈች። ስድስት ከአሥር ተሰጣት፤ «በኮምፒውተር አልተጻፈም» ተብሎ። ይሄ አያስቅም። አንብባ የመጣችን ልጅ ቀጥቶ፣ ያላነበበውን መሸለም ማስተማር አይደለም፤ ማበላሸት ነው። አንዲት መስመር እንኳ ሳያነብ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሳ ሰው ይፈር።

ዘንድሮ እሷም ወረፋው ውስጥ ነበረች፤ ከፊቴ ሦስተኛ። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች።

ተራዬ ደረሰና መታወቂያዬን ዘረጋሁ። ባለሱቁ ቀና ሳይል፦

«ስም ማን ልበል፣ ጋሼ?»