ለሐዋሳ ባለሱቆች ቸርነት የቀረበ ውዳሴ

ሐዋሳን የሚያስመሰግናት ሐይቋና ዓሣዋ ብቻ ይመስል፣ ከፒያሳ እስከ አረብ ሰፈር በተደረደሩት ቡቲኮችና ሱፐርማርኬቶች ውስጥ በየምሽቱ ስለሚፈጸመው በጎ አድራጎት እስካሁን የምስጋና ቃል አለመጻፉ ያሳዝናል። አንዲት ሻጭ ጠዋት በ2 ሰዓት ገብታ ማታ በ3 ሰዓት ስትወጣ፣ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው 13 ሰዓት የሠራች ይመስለዋል። ጉዳዩን ለመረመረ ግን የሠራችው 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው ከአሠሪዋ ጋር የምታሳልፈው የቤተሰብ ጊዜ ነው። «እኛ እኮ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን» ይሏታል ጋሼ። ለቤተሰብ ደግሞ ማን ኦቨርታይም ይከፍላል? (ይህ ቤተሰብነት ትርፍ ሲቆጠር ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ነውር ስለሆነ አልጠይቅም።)

ከሁሉ የማደንቀው የሱቁን የግድግዳ ሰዓት ነው። ጠዋት ላይ ለደቂቃ እንኳን የማይሳሳት፣ 10 ደቂቃ ያረፈደችውን ልጅ ከደመወዟ የሚያስቆርጥ ንቁ ዘበኛ ሲሆን፣ ከመሸ በኋላ ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

እርግጥ ነው፣ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይደነግጋል፤ ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 እንዲባዛ ያዛል። ይህን ሁሉ ማባዛት ለተራ ነጋዴ አድካሚ በመሆኑ ባለሱቆቻችን ቀለል ያለ ስሌት አግኝተዋል፤ ሁሉንም በዜሮ ያባዙታል። በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል ከየአገሩ የመጣው ምእመን ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት እንኳ ሒሳቡ አይወሳሰብባቸውም፤ ለልጆቹ አንዳንድ ለስላሳ ተከፍቶላቸው ይመረቃሉ።

ስለ ጤናም ያስባሉ። መቀመጥ ለወገብ እንደማይበጅ ስለተረዱ ከካሸሪዋ በቀር ለማንም ወንበር አላኖሩም። ከአንዱ ቡቲክ ልብስ መለኪያ መጋረጃ ኋላ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ከቤት በቋጠረችው ፍርፍር ምሳዋን የምትበላ ልጅ፣ «የዚህ ሱሪ ቁጥር 32 የለም?» የሚል ድምፅ ስትሰማ የጎረሰችውን ሳታላምጥ ውጣ፣ እጇን በሶፍት ጠርጋ፣ ፈገግ ብላ ስትወጣ ማየት የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት ነው። በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ተደርጎ አንድ ሱሪ ከጎደለ ደግሞ፣ ማን እንደወሰደው በማጣራት ማንንም ማስቀየም ስለማይገባ፣ ዋጋው ለሁሉም በእኩል ተካፍሎ ከደመወዝ ይነሣል። አዋጁ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ከሌለ ደመወዝ አይቆረጥም ቢልም፣ በቤተሰብ መካከል ወረቀት መፈራረም ያስተዛዝባል። ተያዥ ማቅረብ ብቻ አያስተዛዝብም።

እኛ ደንበኞችም ከምስጋናው ድርሻ አለን። መዝጊያው ግማሽ ድረስ ወርዶ ሳለ ጎንበስ ብለን የምንገባ፣ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብለን መደርደሪያውን ሁሉ አስወርደን «ነገ እመለሳለሁ» ብለን የምንወጣ እኛ ባንኖር፣ ይህ በጎ አድራጎት በምን ሰበብ ይቀጥል ነበር?

በዚህ ሁሉ መልካምነት መካከል አስቸጋሪ ሆኖ የተገኘው የባጃጁ ሹፌር ነው። ማታ በ3 ሰዓት ልጅቱን ወደ አቶቴ ለማድረስ «አሁንማ መሽቷል፣ በኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል፤ ለመሸ ሥራ ዋጋ ይጨመራል የሚል እንግዳ እምነት አለው። ጭማሪውን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ለዚያውም ካልተከፈላት ሰዓት ላይ።

አንዷ «የሠራሁበት ይታሰብልኝ» ብላ የጠየቀች ዕለት ውለታ ቢስ ተብላ ትሸኛለች። በማግስቱ መስታወቱ ላይ ይህ ይለጠፋል፦ «ሴት ሠራተኛ እንፈልጋለን። ተያዥ ማቅረብ የምትችል፣ በማንኛውም ሰዓት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነች። ደመወዝ በስምምነት።»