የአርምስትሮንግ ደጋፊ ተታሏል ወይስ ያውቅ ነበር?

አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩን ታላቅ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን በተከታታይ ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ኦክቶበር 2012 ላይ ሰባቱንም ተነጠቀ። በጃንዋሪ 2013 የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ዊንፍሬ ፊት ተቀምጦ አበረታች መድኃኒት መውሰዱን አመነ። ሁለት የብስክሌት ወዳጆችን አንድ ነገር ጠየቅን፤ ደጋፊው ተታሏል? አንዱ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ይኖራሉ። ሌላዋ ፈረንሳይ፣ ግረኖብል። የጻፉትን እንዳለ አቅርበነዋል።

ከኦስቲን

በ2004 ታናሽ ወንድሜ ካንሰር ያዘው። ኬሞ በሚወስድበት ክፍል ነርሷም፣ በሽተኛውም፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚሠራው ሐበሻም ከካንሰር የዳነው አርምስትሮንግ ድርጅት የሚሸጠውን ያን ቢጫ የጎማ አምባር አድርገው ነበር። ዋጋው አንድ ዶላር ነበር። አሥር ገዛሁ። ወንድሜ ከመክሳቱ የተነሳ አምባሩ እስከ ክርኑ ይንሸራተት ነበር። መልሶ ወደ አንጓው እያወረደ "እሱም እንደኔ መላጣ ሆኖ ነበር" ይለኝ ነበር።

ታዲያ እኛ ምን አጠፋን? ሰውየው ከ500 በላይ ምርመራ አልፌያለሁ ይላል። ናይኪ ከጎኑ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎለታል። በ2005 ፓሪስ ላይ መድረክ ወጥቶ በተአምር ለማያምኑ ሰዎች አዝናለሁ አለ። እኛም አመንን። ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ኦፕራን ያየሁ ማታ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ሳሎን መሀል ቆሜ ነበር። ቀይ የደም ሴል የሚያበዛው ኢፒኦ? አዎ። ለጉልበት ደም መውሰድ? አዎ። በሰባቱም? አዎ። አምባሩን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። የተታለለ ሰው ይቅርታ ይጠየቃል እንጂ ምን ተብሎ ይወቀሳል?

ከግረኖብል

ጋሼ፣ የወንድምዎ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን "ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር" የሚለው ላይ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ማንም?

በ1999፣ ገና የመጀመሪያው ቢጫ ማሊያ፣ የመሪው ማሊያ፣ ሳይታጠብ፣ ክሪስቶፍ ባሶን የሚባል ብስክሌተኛ ጥርጣሬውን ጋዜጣ ላይ ጻፈ። አርምስትሮንግ ውድድሩ መሀል ተጠግቶ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ልጁም ውድድሩን ሳይጨርስ ሄደ። በዚያው ዓመት አርምስትሮንግ ሽንት ውስጥ ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት ተገኘና ኮርቻ ላቆሰለው ቆዳ የታዘዘ ቅባት ነው የሚል ወረቀት መጣ። በ2005 ደግሞ የፈረንሳዩ ሌኪፕ ጋዜጣ የ1999ኙ ናሙናዎቹ ውስጥ ኢፒኦ መገኘቱን በፊት ገጹ አወጣ። ይሄ ሁሉ በር ዘግቶ የተወራ አይደለም።

በ2004 ቱሩ በሚያልፍበት አልፕ ዲዌዝ ተራራ ላይ ነበርኩ። 16 ዓመቴ ነው። ቦታ ለመያዝ ከአጎቴ ጋር ዋዜማውን ወጣን። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ነጭ ቀለም ይዘው አስፋልቱ ላይ መርፌ ሳሉ። አልጋ የሚያክል። ከዚያ ብሩሹን አስቀምጠው ሳንድዊቻቸውን በሉ። አርምስትሮንግ ሲያልፍ የጮኸበት ጮኸ፣ የተፋበትም ነበር። ጋሼ፣ ሳንድዊች የሚበላ ጡረተኛ ያወቀውን ነገር ነው ማንም አያውቅም የሚሉኝ።

ከኦስቲን

ልጄ፣ እኒያ ሽማግሌ ለሪሻር ቪራንክስ ምን ሳሉ?

አስታውሺ እንጂ። በ1998 የፌስቲና ቡድን መኪና ኢፒኦ ጭኖ ድንበር ላይ ተያዘ። የቡድኑ ኮከብ ፈረንሳዊው ቪራንክ ነው። አለቀሰ፣ ካደ፣ ሁለት ዓመት ካደ። በ2000 ሊል ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ከዚያስ? ከዚያማ በ2004፣ አንቺ ተራራ ላይ ከመውጣትሽ ሳምንት በፊት፣ ጁላይ 14፣ በብሔራዊ በዓላችሁ ቀን የዕለቱን ውድድር አሸነፈና ፈረንሳይ እልል አለች። ለምርጥ ተራራ ወጪ የሚሰጠውን የተራራ ንጉሥነቱን ማሊያም ለሰባተኛ ጊዜ ይዞ ገባ። እሱ ላይ ማን ተፋ?

እናንተ መርፌውን አልጠላችሁም። የጠላችሁት ቴክሳሱን ነው። የፈረንሳይ ጋዜጣ ሰባት ጊዜ ያሸነፋቸውን አሜሪካዊ ሲያጥላላ ምን እንድንል ፈለግሽ? ቅናት ነው አልን። ማንም እንደዚያ ይላል።

ከግረኖብል

"ቅናት ነው አልን።" ይኸው!

ቅናት ነው ለማለት መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰምተዋል። ባለፈው ጽሑፍዎ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በዚህኛው ሰምተው ንቀውታል። የትኛውን ልያዝ?

ልጄም አይበሉኝ። አርባ ልሞላ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመርፌው ነገር ያን ያህል አያናድደኝም። ያኔ ያልወሰደውን መቁጠር ይቀላል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ኤማ ኦራይሊ የአርምስትሮንግ ቡድን ማሳጅ ሠራተኛ ነበረች። የዚያ የቅባት ወረቀት ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ መጻፉን የተናገረችው እሷ ናት። ስሟን ጭቃ ቀባው። ኦፕራ ከሰሃታል ወይ ስትለው፣ ብዙ ሰው ስለከሰስን አላስታውስም ዓይነት ነገር መለሰ። ፊሊፖ ሲሜዮኒስ? የአርምስትሮንግ ሐኪም ዶክተር ፌራሪ ላይ የመሰከረው ጣሊያናዊ ብስክሌተኛ። ከአልፕ ዲዌዝ ሁለት ቀን በኋላ ከቀደሙት ጋር ሊቀላቀል ሲወጣ፣ ቢጫ ማሊያ የለበሰው ሰውዬ ራሱ አሳዶ ያዘው። ከዚያ ካሜራው ፊት ከንፈሩን እንደ ዚፕ ዘጋ። በቀጥታ ስርጭት! ይሄን ለማየት ፈረንሳይኛ ማንበብ አያስፈልግም። እርስዎስ ያን ቀን የት ነበሩ?

ከኦስቲን

የተጠየቅነው ስለ ደጋፊው ነበር። አሁን ስለ ማሳጅ ሠራተኛ ሆነ። ይሁን።

የት ነበርኩ? ወንድሜ አጠገብ። ያን ክረምት ስለ ሕመሙ የማያወራው ቱሩ በሚተላለፍባቸው ሰዓታት ብቻ ነበር። በጠዋት ይቀሰቅሰኛል። ሻይ አፈላለሁ፣ ትራሱን አስተካክላለሁ፣ አብረን እናያለን። እና በዚያ መሀል ሌኪፕን እያስተረጎምኩ ላነብለት ነበር? ብነግረውስ ምን ይጠቅመዋል?

ይልቅ አንቺ መልሺልኝ። ከ1999 እስከ 2005 በየዓመቱ ሦስት ሦስት ሆነው መድረክ ላይ ከተያዙት ሃያ አንድ ቦታዎች የሃያው ባለቤት ስም ከአበረታች መድኃኒት ጋር ተያይዟል። ለአርምስትሮንግ ሰባት ዓመታት ምትክ አሸናፊ ያልተሰየመው ለዚህ ነው። ይሄን ሁሉ ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ ታውቂያለሽ። አሁንም በየዓመቱ ተራራው ላይ ትወጫለሽ አይደል?

ከግረኖብል

እወጣለሁ።

"ብነግረውስ" አሉ። ያላወቀ ሰው ምኑን ነው የሚነግረው? እሱን ለእርስዎ ልተው።

እኔን ከጠየቁኝ፣ በየመንገዱ የጣሊያናዊው ብስክሌተኛ የማርኮ ፓንታኒ ስም ተጽፎ አያለሁ። በ1999 የጣሊያኑን ቱር፣ ጂሮውን፣ ሊያሸንፍ አንድ ቀን ሲቀረው ማዶና ዲ ካምፒሊዮ ላይ ደሙ ተመርምሮ የቀይ የደም ሴሉ ድርሻ 52 በመቶ ሆነ፤ ገደቡ 50 ነበር። ከውድድሩ ወጣ። በ2004 በ34 ዓመቱ ሪሚኒ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አንድ ዓመት ስሙ ደብዝዞ አየሁትና ከአጠገቤ ካለ ሰው ብሩሽ ለምኜ ደገምኩት። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ፓንታኒ ግን የማንንም አፍ አልዘጋም።

ከኦስቲን

እኔ ደጋፊ ስሆን ተባባሪ፣ አንቺ በቀለም ስትጽፊ ሐዘንተኛ። ጥሩ።

ሲሜዮኒን አይቻለሁ። ያን ዚፕ። ከወንድሜ ጋር ነበርን፤ ሳቅን። ወንድሜ "በለው!" አለ። በ2006 አረፈ። የኦፕራን ማታ አላየም፤ አምባሩንም ከእጁ ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም አሁን አንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ቪራንክን ግን እስካሁን አልመለስሽልኝም።